አዲስ ሃርድ ዲስክ ተገጥሞ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል

እስከ ትናንት ያለ ችግር ሲሠራ የቆየ ኮምፒውተር ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ከተገጠመለት በኋላ አልነሳ ሲል፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ነው። በቀድሞው ዲስክ ላይ ያለው ዊንዶውስ፣ ሰነዱም ፎቶውም በአብዛኛው ምንም አልሆነም። የተለወጠው ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍልበት፣ ዲስኮቹን የሚቆጥርበት ወይም ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚወስንበት ሁኔታ ነው። እውነተኛው ጉዳት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው፤ ባለቤቱ ተደናግጦ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጭን ወይም ዲስኮቹን ሳይለይ ፎርማት ሲያደርግ። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ፎርማት መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

አልነሳም የሚባለው ብልሽት አንድ ዓይነት አይደለም። ቁልፉ ሲጫን መብራትም ድምፅም የማይሰጥ ኮምፒውተር አለ። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ የሚቀር አለ። የአምራቹን ዓርማ አሳይቶ እዚያው የሚደርቅ አለ። የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ በጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ጽሑፍ የሚናገር አለ። ዊንዶውስን ጀምሮ ሰማያዊ ገጽ ካሳየ በኋላ እንደገና የሚጠፋም አለ። የእነዚህ ሁሉ ምክንያታቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት መታወቅ ያለበት ኮምፒውተሩ የት ደርሶ እንደቆመ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ታይቶ ሊጠፋ ስለሚችል በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን መጀመሪያ የሚነቃው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የሚሰጠው ቮልቴጅ ሲረጋጋ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይልካል፤ ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ላይ በቺፕ የተቀመጠው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ሥራ ይጀምራል። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና የስክሪን ካርዱን ይፈትሻል፤ ከዚያ በየኬብሉ ጫፍ ያሉትን ዲስኮች አንድ በአንድ እየጠራ መልስ ይጠብቃል። መልስ የሰጡትን ይመዘግብና በተቀመጠለት ቅደም ተከተል መሠረት ወደ መጀመሪያው ዲስክ ይሄዳል።

በዚያ ዲስክ ላይ የሚፈልገው ነገር እንደ ኮምፒውተሩ ዕድሜ ይለያያል። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ባለ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስኩ ኤክስቲ የተባለው ሞዴል ሲመጣ ግን አብሮት የመጣው አሠራር ለአሥርተ ዓመታት ዘለቀ። የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ለማስነሻ የተተወ ነው። ከዚህ ውስጥ 446ቱ አጭር ፕሮግራም ይይዛል፤ 64ቱ ዲስኩ እስከ አራት ድረስ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው፤ የቀሩት ሁለት ባይቶች የማረጋገጫ ፊርማ ናቸው። ባዮስ ይህን አንብቦ ሥራውን ለዚያ አጭር ፕሮግራም ያስረክባል። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የባዮስን ቦታ የወሰደው ዩኢኤፍአይ የተባለው ሥርዓት ነው። እሱ ደግሞ በዲስኩ ላይ በአንዲት ትንሽ ክፋይ ውስጥ የተቀመጠ የማስነሻ ፋይል ይፈልጋል፤ የፋይሉም አድራሻ በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ማስታወሻ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሰዉ ሁለቱንም ባዮስ እያለ መጥራቱን ስለቀጠለ እዚህም እንደዚያው ይጠራሉ፤ ልዩነታቸው ለውጥ በሚያመጣበት ቦታ ብቻ ይነሳል።

ፍተሻው የሚጀምረው አዲሱን ዲስክ ሙሉ በሙሉ በማለያየት ነው። ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ የመብራት ገመዱ ከሶኬቱ ይነቀላል፤ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይቆያል። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ከአዲሱ ዲስክ ላይ ሰፊው የኃይል ኬብልም ጠባቡ የመረጃ ኬብልም ይወጣሉ፤ ኮምፒውተሩም እንዲሁ ይሞከራል። ከተነሳ የቀድሞው ዲስክና በላዩ ያለው ዊንዶውስ ደህና ናቸው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በእርጋታ ሊደረግ ይችላል።

ሁለተኛውን ሙከራ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው እሱ ነው። ገመዱ እንደገና ከሶኬቱ ተነቅሎ የአዲሱ ዲስክ የኃይል ኬብል ብቻ ይሰካል፤ የመረጃ ኬብሉ ውጭ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ዲስኩ ኤሌክትሪክ ይወስዳል እንጂ ባዮስ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ኮምፒውተሩ አሁንም ካልተነሳ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። ተነስቶ የመረጃ ኬብሉ ሲጨመር ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ዲስኩና ባዮስ በሚግባቡበት መንገድ ወይም በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የሚቀጥለው ፍተሻ በሙሉ በዚህ ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው።

አዲሱ ዲስክ ወጥቶም ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲስኩ አይደለም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ እጅ የነካው ነገር ነው። በጠባብ ሳጥን ውስጥ ዲስክ ሲገጠም የቀድሞው ዲስክ ኬብል በቀላሉ ይላቀቃል። በተለይ መያዣ ብረት የሌላቸው፣ ሳታ የተባሉት የዲስክ መረጃ ኬብሎች የተሰኩ መስለው ግማሽ ወጥተው ይገኛሉ። ራም በክርን ተገፍቶ አንድ ጫፉ ከቦታው ይነሳል፤ ያን ጊዜ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ይሆናል፣ አንዳንዱ ማዘርቦርድም ተደጋጋሚ የጩኸት ምልክት ያሰማል። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያደርሰው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ሶኬትም መታየት አለበት። ከማብሪያው ቁልፍ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ከወጡ ደግሞ ኮምፒውተሩ ፍጹም የሞተ ይመስላል። ሁሉም ተነቅለው እንደገና በደንብ ይሰካሉ፤ በዓይን ብቻ አይቶ ማለፍ አይበቃም።

በዚሁ አጋጣሚ የድሮ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ ያለችው 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ የቮልቴጅ መምረጫም መታየት አለባት። ኢትዮጵያ ውስጥ የመብራቱ ቮልቴጅ 220 ስለሆነ ትክክለኛ ቦታዋ 230 ነው። ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር 115 ላይ እንደሆነ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ በድምፅ ይፈነዳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዲስኩ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ኃይል ብቻ ሲሰካ የሚቆመው ኮምፒውተር የራሱ ታሪክ አለው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሥራ ላይ ሳለ የሚወስደው ኃይል ብዙ አይደለም፤ ለትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ከ5 እስከ 8 ዋት ገደማ ነው። ሲነሳ ግን ሳህኖቹን ከቆሙበት ለማሽከርከር ለጥቂት ሰከንድ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ እስከ 2 አምፒር ሊስብ ይችላል፤ ያ ማለት 24 ዋት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ የቤቱ አምፖል ለአፍታ ደብዘዝ እንደሚል፣ ያረጀ ፓወር ሰፕላይም በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ይወርድና ማዘርቦርዱ ይጠፋል ወይም እንደገና ይጀምራል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ አንድ ዲስክ ቢጨመርበት አይሰማውም። ስለዚህ አንድ ዲስክ የጣለው ፓወር ሰፕላይ ቀድሞውንም የደከመ ነበር፤ መፍትሔው እሱን መቀየር ነው። የማይሽከረከር ኤስኤስዲ በመግጠም ችግሩን ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም የደከመው ፓወር ሰፕላይ መድከሙን ይቀጥላል።

ከዚህ የሚከፋው ኮምፒውተሩ ሲሞከር አንዴ ጠቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋበት ሁኔታ ነው። ይህ የሾርት ምልክት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ምክንያቱ የተቃጠለ ዲስክ፣ የዲስኩ ሰርኪት ከሳጥኑ ብረት ጋር መነካካቱ ወይም የተሳሳተ ኬብል ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው በተለይ ሊሰመርበት የሚገባ ነው። ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ፓወር ሰፕላዮች በዲስኩ በኩል ያለው ጫፋቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ግን የሽቦዎቹ አደራደር ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም በአንድ አምራች ውስጥ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ቅርፁ ስለገጠመ ብቻ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል ቢሰካ 5 ቮልት በሚጠበቅበት ፒን ላይ 12 ቮልት ሊመጣ ይችላል። ዲስኩ በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል፤ በዚያው ኬብል ላይ ያለው የቀድሞው ዲስክም አብሮ ይሄዳል። ከሳጥን ውስጥ የተገኘ ትርፍ ኬብል ከየትኛው ፓወር ሰፕላይ ጋር እንደመጣ ካልታወቀ አለመጠቀም ይሻላል።

ሞሌክስ የተባለውን የድሮ ባለ አራት ቀዳዳ የኃይል ሶኬት ወደ ሳታ የሚቀይሩ ርካሽ መቀየሪያዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የተሠራባቸው ዓይነቶች ውስጣቸው ተነካክቶ ሲቃጠሉ ይታወቃሉ። ሽቦዎቹ እያንዳንዳቸው ተለይተው የተጣበቁባቸው የተሻሉ ናቸው። እንዲህ ያለው መቀየሪያ የሚጠቅምበት አንድ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሳታ ደንብ በኃይል ሶኬቱ ሦስተኛ ፒን ላይ 3.3 ቮልት ሲመጣ ዲስኩ እንዲጠፋ የሚያስችል ባሕርይ ጨመረ። ከውጭ ዩኤስቢ ሳጥን ተፈትተው የወጡ አንዳንድ ትልልቅ ዲስኮች ይህ ባሕርይ ስላላቸው የድሮ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲሰኩ ጨርሶ አይሽከረከሩም። የሞሌክስ መስመር 3.3 ቮልት ስለሌለው በእሱ በኩል ሲሰኩ ይሠራሉ። ዲስኩ ግን አልተበላሸም፤ ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለው ስንቱ ይሆን።

ዓርማው ላይ የሚደርቀው ኮምፒውተር ኤሌክትሪኩ ደህና ነው። ባዮስ ዲስኩን ጠርቶ መልስ እየጠበቀ ነው። ዲስኩ የተጎዳ ከሆነ መልሱ ይዘገያል ወይም አይመጣም፤ አንዳንዱ ባዮስ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ከማለፍ ይልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንድ አምስት ደቂቃ መታገሥ አንዳንዴ ያሳልፈዋል። ከዲስኩ በየተራ የሚሰማ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ የንባብ ጭንቅላቱ ቦታውን እያጣ መሆኑን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ዲስክ መረጃ ካለበት በተደጋጋሚ መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል። ዲስኩ አዲስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የመረጃ ኬብሉ ይቀየራል፤ ከዚያ ሌላ የሳታ ሶኬት ይሞከራል። የታጠፈ ወይም የላላ የሳታ ኬብል የሚያስከትለው ምልክት ከዲስክ ብልሽት ጋር ፍጹም ይመሳሰላል፤ ኬብሉ ግን ከዲስኩ በብዙ ይረክሳል።

በድሮ ኮምፒውተሮች ላይ የዓርማው ድርቀት ሌሎች ምክንያቶችም አሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳታ ከመምጣቱ በፊት ዲስኮች የሚያያዙት ሰፊ ጠፍጣፋ የአይዲኢ ኬብል ላይ ሲሆን፣ አንዱ ኬብል ሁለት ዲስክ ይሸከም ነበር። አንደኛው ማስተር፣ ሌላው ስሌቭ ተብሎ በዲስኩ ጀርባ ባለች ጃምፐር በምትባል ትንሽ መሰኪያ መለየት አለበት። ሁለቱም ማስተር ከሆኑ ወይም ሁለቱም ስሌቭ ከሆኑ ባዮስ ይደናገራል፤ ሁለቱም ይጠፉበታል ወይም ይቆማል። የጃምፐሯ አቀማመጥ በዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይታያል። ከጥፍር የምታንስ ይህች ፕላስቲክ በዘመኗ ያባከነችው የሰው ሰዓት ቀላል አልነበረም። በሳታ ዲስኮች ላይ ማስተርና ስሌቭ የሚባል ነገር የለም፤ የሚታዩት ጃምፐሮች ለሌላ ሥራ ናቸው። ለምሳሌ አንዳንድ የድሮ ቪአይኤ ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች በሴኮንድ 3 ጊጋቢት የሚሠራ ዲስክ አይታያቸውም፤ በጃምፐር ወደ 1.5 ጊጋቢት ሲወርድ ግን ያዩታል።

የመጠን ገደብም አለ። የድሮ ባዮሶች ሊቆጥሩት የሚችሉት የዲስክ መጠን በየዘመኑ የተወሰነ ነበር፤ 528 ሜጋባይት፣ 8.4 ጊጋባይት፣ 137 ጊጋባይት እያለ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ አንዳንድ ባዮሶች ከ32 ጊጋባይት የሚበልጥ ዲስክ ሲያጋጥማቸው ጨርሶ ይደርቁ ነበር፤ የዲስክ አምራቾችም ዲስኩ አንሶ እንዲታይ የሚያደርግ ጃምፐር እስከ መጨመር ደርሰዋል። እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች ዛሬ ብዙ አይገኙም፤ ግን በማሽን መቆጣጠሪያነት ወይም በሒሳብ መዝገብ ሥራ ላይ እስከ ዛሬ የሚያገለግሉ አሉ።

ከሁሉም የሚበዛው የጥቁር ስክሪኑ ነጭ ጽሑፍ ነው። ኖ ቡተብል ዲቫይስ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ፣ ወይም ትክክለኛውን ማስነሻ መርጠህ እንደገና ጀምር የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ ይወጣል። ይህ መልእክት ያስደነግጣል እንጂ በእርግጥ መልካም ዜና ነው። ኤሌክትሪኩም፣ ራሙም፣ ፕሮሰሰሩም ሠርተዋል፤ ባዮስ ዲስክ ዘንድ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ባዶው ዲስክ ዘንድ ነው። ብዙ ባዮሶች አዲስ ዲስክ ሲያዩ ዝርዝሩን እንደገና ያደራጃሉ። የቀድሞው ዲስክ ከተሰካበት ሶኬት ቁጥሩ ወደሚያንስ ሶኬት አዲሱ ከተሰካ እሱን የሚያስቀድሙም አሉ። ዊንዶውስ ግን በቀድሞው ዲስክ ላይ ሳይነካ ተቀምጧል።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መመለስ ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የማስነሻ ዝርዝር የሚከፈተው ኮምፒውተሩ እንደበራ ቁልፍ በተደጋጋሚ በመጫን ነው። በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9፣ ኤሱስ በሠራቸው ማዘርቦርዶች ኤፍ 8፣ በኤምኤስአይ ኤፍ 11 ነው። ከዝርዝሩ የቀድሞው ዲስክ በስሙ ተመርጦ ዊንዶውስ ከተነሳ ምርመራው አለቀ። ከዚያ ለዘለቄታው እንዲጸና ወደ ባዮስ ሴቲንግ ይገባል፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በአብዛኞቹ ሌሎች ማዘርቦርዶች ዲሊት ቁልፍ ያስገባል። አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ ባዮሶች የማስነሻው ዋና ዝርዝር ሲዲ፣ ዩኤስቢ፣ ሃርድ ዲስክ እያለ በዓይነት ብቻ ይደረድራል፤ ከሃርድ ዲስኮቹ የትኛው እንደሚቀድም የሚወሰነው የሃርድ ዲስክ ቅድሚያ በሚባል ሌላ ገጽ ውስጥ ነው። ዋናውን ዝርዝር አስተካክሎ ይህን ገጽ ያልከፈተ ሰው ምንም ያልተለወጠ ይመስለዋል።

የቀድሞው ዲስክ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ከሌለ ወይም ተመርጦም ካልተነሳ፣ የማስነሻው ዘዴ ራሱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ በድሮው ዘዴ ተጭኖ ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ከዞረ ወይም በተቃራኒው ከሆነ ዲስኩ እየታየ አይነሳም። ዊንዶውስ ቡት ማናጀር የሚል ስም በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ኮምፒውተሩ የሚነሳው በዩኢኤፍአይ ነው፤ ምርጫውም የዲስኩ ስም ሳይሆን እሱ መሆን አለበት። ዘዴው ሳይነካ በራሱ የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ነው። ሳንቲም የመሰለው ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪ በሞተበት ኮምፒውተር ሴቲንጉን ይዞ የሚያቆየው ከሶኬት አለመነቀሉ ብቻ ነው። ዲስክ ለመግጠም ገመዱ ሲነቀል ሴቲንጉ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ መሄዱ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ያው የሴቲንግ መመለስ ሰማያዊውን ገጽም ሊያመጣ ይችላል። የሳታ ዲስኮች ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ ወይም አይዲኢ በተባሉ ዘዴዎች ይሠራሉ። ዊንዶውስ በአንዱ ተጭኖ በሌላው ሲነሳ የዲስኩን ድራይቨር ስለሚያጣ፣ ወደሚነሳበት ዲስክ መድረስ እንዳልቻለ የሚገልጽ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ይቆማል። ዘዴውን ወደ ቀድሞው መመለስ ብቻ ይበቃል። አዲሱ ዲስክ በኤኤችሲአይ የተሻለ ይሠራል ብሎ ዘዴውን ራሱ የቀየረ ሰው ካለም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ያገለገለ ዲስክ የተገጠመ እንደሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዲስኩ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ ዊንዶውስ ካለ ኮምፒውተሩ በእሱ ሊነሳ ይሞክራል፤ የማይታወቅ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ወይም በሌላ ማሽን ላይ ስለተጫነ ይወድቃል። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ይህንንም ይፈታዋል። የቀድሞውን ዲስክ ኮፒ አድርጎ ሁለቱንም አንድ ላይ መሰካትም ተመሳሳይ ግራ መጋባት ያመጣል። ሁለቱ ዲስኮች አንድ መለያ ቁጥር ስለሚኖራቸው ዊንዶውስ አንደኛውን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ኮፒ ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ሁልጊዜ አንድ ዲስክ ብቻ ተሰክቶ መሆን አለበት። ከሳጥኑ ውጭ በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ወይም የተረሳ ፍላሽም ቅድሚያ ወስዶ ያንኑ ጥቁር ስክሪን ያመጣል፤ ይህን ለማጣራት ነቅሎ መሞከር ብቻ በቂ ነው።

ቅደም ተከተል ሲነካ ዲስካቸው ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ኮምፒውተሮች 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁጥር ሊጠይቁ ይችላሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ፈልጎ መጻፍ ይገባል፤ ቁጥሩ ከሌለ መረጃው የለም።

በአዲስ ማዘርቦርዶች ላይ የሚበዛው ችግር ከኤም ነጥብ 2 ጋር የተያያዘ ነው። ይህ እንደ ማስቲካ የረዘመ ቀጭን ኤስኤስዲ የሚገባበት ሶኬት በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት የሳታ ሶኬቶች ጋር አንድ መስመር ይጋራል። ኤስኤስዲው ሲገባ የሳታ ሶኬቶቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋሉ። የቀድሞው ዲስክ ከተዘጉት በአንዱ ላይ ከነበረ ባዮስ ከነጭራሹ አያየውም፤ ባለቤቱም አዲሱ አሮጌውን ገደለው ብሎ ይደመድማል። ኬብሉን ወደ ሌላ የሳታ ሶኬት ማዛወር ብቻ ይበቃል፤ የትኞቹ እንደሚዘጉ የማዘርቦርዱ መመሪያ በሠንጠረዥ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2014 በፊት ከተሠሩት ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ደግሞ ኤንቪኤምኢ በተባለው የዚህ ኤስኤስዲ ዓይነት ሊነሱ አይችሉም፤ በተጨማሪ ማስቀመጫነት ግን ሊያገለግል ይችላል።

ዊንዶውስ ሲጫን ሁለት ዲስክ ከነበረ የሚመጣ ዘግይቶ የሚገለጥ ችግርም አለ። የዊንዶውስ መጫኛ የማስነሻ ፋይሉን ዊንዶውስ ከተጫነበት ዲስክ ላይ ሳይሆን ቀድሞ የማስነሻ ክፋይ ካለበት ከሌላው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ወራት አልፎ ያ አሮጌ ዲስክ በአዲስ ሲተካ ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ዊንዶውስ ግን በቦታው አለ። አሮጌውን ዲስክ መመለስ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። ዘላቂው በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስቶ የማስነሻ ፋይሉን ከዊንዶውሱ ጋር በአንድ ዲስክ ላይ እንደገና መፍጠር ነው። ከመነሻው ለመከላከል ደግሞ ዊንዶውስ ሲጫን ሌሎቹ ዲስኮች ሁሉ ይነቀላሉ። በሊኑክስ በኩል ዲስኮችን በፊደል ተራ የሚጠሩ የድሮ ሴቲንጎች አዲስ ዲስክ ሲጨመር ስማቸው ስለሚዛወር ኮምፒውተሩ ወደ ድንገተኛ ሁኔታ ይወድቃል፤ በዲስኩ ልዩ መለያ መጥራት ይህን ያስቀራል።

ኮምፒውተሩ ተነስቶ አዲሱ ዲስክ በቀድሞ ስሙ ማይ ኮምፒውተር በሚባለው ገጽ ውስጥ ካልታየ ይህ ብልሽት አይደለም። ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተነካ ዲስክ ክፋይ የለውም፤ በዲስክ ማኔጅመንት ገጽ ውስጥ ኢኒሻላይዝ መደረግ አለበት። ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ ኤምቢአር እና ጂፒቲ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ያቀርባል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ያው ሠንጠረዥ ስለሆነ ከ2.2 ቴራባይት በላይ መቁጠር አይችልም፤ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በእሱ ከተዘጋጀ ግማሹ ገደማ ጥቅም ላይ አይውልም። ጂፒቲ ይህ ገደብ የለበትም። ይኸው የኢኒሻላይዝ ጥያቄ ቀድሞ ፋይል በነበረበት ዲስክ ላይ ከመጣ ግን የዲስኩ ሠንጠረዥ ተበላሽቷል ወይም ዲስኩ በትክክል እየተነበበ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ጥያቄው ይሰረዛል፤ ምንም ነገር ሳይጻፍበትም ዲስኩ ተነቅሎ መረጃ ለሚያወጣ ባለሙያ ይሰጣል።